ከታች ያሉት አራት መስመሮች

ባለፈው ጥቅምት አንድ እሑድ፣ አትላንታ አቅራቢያ ስኔልቪል ባለው ቤታችን ምሳ በልተን ከጠረጴዛው ሳንነሳ፣ ልጄ ሊያ ከትምህርት ቤት የተሰጣትን ፖስታ አምጥታ ፊቴ አኖረችው። ሊያ ስምንተኛ ክፍል ናት። ለከርሞ ልትገባበት የምትፈልገው የካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተና አለው፤ ልጅቷ ንባብ ላይ እንደ እኔ ዘገምተኛ ስለሆነች ተጨማሪ ሰዓት እንዲሰጣት አመልክቱ ብላ አስተማሪዋ መክራናለች። ፖስታውን መክፈት ስጀምር አባቴ አፉን ጠርጎ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ።

"እነዚህን ሰዎች አትለምኑ" አለ። "እኛ ለምነን አይተናል። እያንዳንዱን ቃል አንብበው ነው እምቢ ያሉን።"

ሊያ ወደ እኔ ዞረች። "ማሚ፣ ሪጀክት አድርገውሽ ነበር? ላይክ፣ ለምን አልነገርሽኝም?"

የቆየ ነገር ነው አልኳትና ሳህኖቹን ሰብስቤ ወደ ኩሽና ገባሁ። አባቴ ያቺን ዓረፍተ ነገር ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲናገራት ሰምቻለሁ፤ ለዘመድ፣ ለእንግዳ፣ ለቤተ ክርስቲያን ሰው። ዕድሜው ሰባ ስምንት ደርሷል። መድኃኒቱን የት እንዳስቀመጠ ይረሳል፣ የጎረቤቶቻችንን ስም ያምታታል፤ ይህችን ግን አንድ ቀን እንኳ ስቷት አያውቅም። እውነት አለመሆኗን የማውቀው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ።

አትላንታ የገባነው ዲቪ ደርሶን፣ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ነው። የተከራየነው ስኮትዴል ውስጥ፣ ፎቅና ምድር ባላቸው ቀያይ የጡብ አፓርታማዎች መካከል ነበር። አባቴ ደምሴ ኮሌጅ ፓርክ የአንድ ሆቴል ሚኒባስ ይነዳል፤ ቀኑን ሙሉ ከኤርፖርት ሆቴል፣ ከሆቴል ኤርፖርት። እናቴ ብርሃኔ የእምድብር አገር ካቶሊክ ናት፣ መነኮሳይት ሲስተሮች ያሳደጓት። አባቴ ኦርቶዶክስ ነው። ስለዚህ እሑድ እሑድ እኔ አንዴ ከእሷ ጋር፣ አንዴ ከእሱ ጋር እሄዳለሁ፤ በዚህ ተጣልተው አያውቁም። እናቴ የምትሠራው በደብሯ ሥር ባለው ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ፒዛ ትቆርጣለች፣ ትሪ ታጥባለች፣ ልጆቹን ሁሉ በስማቸው ትጠራለች። እኔም በእሷ ምክንያት እዚያው ተማርኩ። ያ ቦታ ለእናቴ እንጀራ ብቻ አልነበረም። ከሥራ በኋላ እንኳ ወደ ቤት አትቸኩልም፤ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ትገባና አበባ ትቀይራለች፣ ሻማ ታስተካክላለች፣ ከአሮጊቶቹ ጋር መቁጠሪያ ትደግማለች። በማታውቀው አገር፣ በማትችለው ቋንቋ፣ ፊቷ ፈክቶ የማየው እዚያ ብቻ ነበር።

እኔ ደግሞ ማንበብ አልችልም ነበር። አልችልም ማለቴ ፊደሉን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። ሌላው ልጅ ገጹን ሲጨርስ እኔ ሁለተኛው መስመር ላይ ነኝ፤ ሦስተኛው ላይ ስደርስ የመጀመሪያው ከአእምሮዬ ወጥቷል። ያም ሆኖ የቤታችን ደብዳቤ አንባቢ እኔ ነበርኩ። አባቴ አማርኛውን እንደ ውሃ ይጠጣዋል፤ እንግሊዝኛ ግን ከመንገደኛ ጋር ከሚለዋወጣት ጥቂት ቃል አያልፍም፤ ወረቀት ላይ ሲያየው ደግሞ ይፈራዋል። እናቴም እንደዚያው። ስለዚህ ማታ ማታ ፖስታዎቹ እኔ ፊት ይደረደራሉ። እኔም የፖስታውን ቀለም፣ ከላይ ያለውን ምልክት፣ በደማቁ የተጻፉትን ሁለት ሦስት ቃላት አይና የቀረውን ከራሴ እሞላለሁ። ይሄ ማስታወቂያ ነው፣ ጣሉት። ይሄ የመኪናው ኢንሹራንስ ነው፣ ታድሷል። አንድ ጊዜ ማስታወቂያ ነው ያልኩት ወረቀት የመብራት ማስጠንቀቂያ ኖሮ ሁለት ቀን በጨለማ ከረምን። አባቴ ፖስተኛው ነው ያዘገየው አለ፤ ነገሩም በዚያው አለፈ።

የደረሰችብኝ ሚስ ካርተር ናት። ንባብ ለሚከብዳቸው ልጆች የምትረዳ፣ የሹራቧን እጅጌ ሁልጊዜ ወደ ላይ ሰብስባ የምትሠራ ወፍራም ሴት። ሰባተኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ጠራችኝና አንድ አንቀጽ አስነበበችኝ፤ ከዚያ ያንኑ አንቀጽ ወረቀቱን ገልብጣ በቃሌ አስባለችኝ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ተሻለ። ስምንተኛ ክፍል ስገባ አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሁለት ቀን ሙሉ በሥዕልና በቁጥር ፈተነኝ። ውጤቱ ሲመጣ ሚስ ካርተር ወንበሯን አጠገቤ ስባ፣ የነገሩ ስም ዲስሌክሲያ እንደሆነ፣ ሰነፍም ደደብም እንዳልሆንኩ፣ ለካቶሊኩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ግን በተለመደው ሰዓት መጨረስ እንደማልችል ነገረችኝ። አንድ ተኩል እጥፍ ጊዜ ቢሰጥሽ ታልፊያለሽ አለች። ትምህርት ቤቱ ይህን የሚሰጠው በማመልከቻ ነው፤ የባለሙያው ወረቀት ይያያዛል፣ ወላጅም መጠይቅ ሞልቶ አሽጎ ይልካል። ለወላጆችሽ አስተርጓሚ ልጥራላቸው ወይ ስትለኝ፣ ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ የማስተረጉምላቸው እኔ ነኝ አልኳት። ያቺ ኩራቴ ዛሬም ታንገበግበኛለች።

ስለዚያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያኔ ይሰማኝ የነበረውን በትክክል ልናገር። እናቴ ከሲስተሮቹ እጅ ከወጣሁ ጀምሮ ለልጄ የተመኘሁት ነው ትል ነበር። እኔን የሳበኝ ግን ሌላ ነው። እዚያ እንደ ሚስ ካርተር ያለ አስተማሪ በየቀኑ አለ ብለውኛል። እዚያ ካልገባሁ ወደ ትልቁ የመንግሥት ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፤ በዚያ ሁሉ ልጅ መካከል እየገመትኩ፣ እየሸመደድኩ፣ እየሳቅኩ አልፋለሁ፤ ዳግመኛም ማንም አያገኘኝም። በአሥራ ሦስት ዓመቴ ይህን እንደ ሞት ነበር የምፈራው።

መጠይቁን የሞላነው በኅዳር፣ የነቢያት ጾም በገባ ሳምንት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። እናቴ በደብሯ ለችግረኞች የምግብ ካርቶን ስታሽግ ውላ ገና አልተመለሰችም። አባቴ በቲማቲምና በቃሪያ የሠራውን የጾም ፓስታ በልተን ጠረጴዛውን ወለወልን። ደጅ ያለው ዛፍ እሾኻም ፍሬውን ያራግፋል፤ መኪና ባለፈበት ቁጥር ጎማ ሥር ሲንኮሻኮሽ ይሰማል። አባቴ ሸሚዙን ቀይሮ መጣ። ወረቀት ሊፈርም ሲል ሸሚዝ መቀየር ልማዱ ነው።

መጠይቁ አራት ገጽ ነበር። በየጥያቄው ፊት ሳጥኖች አሉ፤ በጭራሽ፣ አንዳንዴ፣ ብዙ ጊዜ፣ ሁልጊዜ የሚሉ። ሚስ ካርተር አስቀድማ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ አስረድታኝ ስለነበር ለአንድ ጊዜ እንኳ መገመት አላስፈለገኝም። ልጅዎ የተጻፈ ትእዛዝ ለመከተል ትቸገራለች? "የለም" አለ አባቴ። ያነበበችውን ትረሳለች? "የለም።" የቤት ሥራ ከሌሎች ልጆች የበለጠ ጊዜ ይወስድባታል? "የለም በይ።"

አባዬ፣ እዚህ ላይ እውነቱን ማለት ይሻላል መሰለኝ ብዬ ሞከርኩ። ድምፄ ግን ቀጭን ነበር፤ እሱም እንዳይሰማኝ የፈለግኩ ይመስለኛል። ያን ጊዜ የቪዛውን ነገር አነሳልኝ። አዲስ አበባ ላይ፣ ፖስታ ቤት አጠገብ ፎርም የሚሞላ አንድ ሰውዬ ነበር። ታመህ ታውቃለህ፣ ታስረህ ታውቃለህ፣ ተባረህ ታውቃለህ የሚለውን ሁሉ "የለም" እያለ ሞልቶለት፣ ስማኝ ወንድሜ፣ ሳጥን ባለበት ወረቀት ላይ ስለ ራስህ ክፉ አትናገር፣ አንዷ "አዎ" ቤተሰብህን ታስቀራለች ብሎ መክሮታል። አባቴ ያቺን ምክር ይዞ ኤምባሲ ገባ፣ ቪዛ ተመታለት፣ ባሕር ተሻገረ። ለሥራም ሲቀጠር፣ ቤትም ሲከራይ፣ የመኪና ኢንሹራንስም ሲገዛ ሳጥኑን ሁሉ "የለም" ብሎ ነው የሞላው። ደግሞም ሠርቶለታል። በዲቪ የመጣ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

እና እኔ "በጭራሽ" የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረግኩ። አንድ፣ ሁለት፣ አርባ ጊዜ።

በመጨረሻው ገጽ ግርጌ አራት ባዶ መስመሮች ነበሩ። ስለ ልጅዎ እንድናውቀው የሚፈልጉት ሌላ ነገር ካለ ይጻፉልን ይላል። ይህን ስነግረው አባቴ ተስተካክሎ ተቀመጠ። ይሄ ሌላ ነው፣ ይሄ ማመልከቻ ነው አለኝ። ሳጥኑን የሚቆጥረው ጸሐፊ ነው፤ ይሄን የሚያነበው ግን ኃላፊው ነው። ሰው ለሰው የሚናገረው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እኔን ሳይሆን መስኮቱን እያየ፣ ቀስ እያለ ያጽፈኝ ጀመር።

"ለተከበራችሁ ኃላፊዎች በይ። ልጄ ጎበዝ ናት። ንባብ ግን ያስቸግራታል። ደብዳቤ ስታነብልኝ እየገመተች እንደሆነ አውቃለሁ፤ እንዳታፍር ብዬ ዝም ብያለሁ። የቤት ሥራ ስትሠራ መታጠቢያ ቤት ትገባና ውሃ ከፍታ ታለቅሳለች። እባካችሁ፣ ጊዜ ስጧት።"

ምን እንደተሰማኝ ለመግለጽ እስከ ዛሬ ቃል ያጥረኛል። ያወቀ አይመስለኝም ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ፊቱ ተቀምጬ ስዋሸው፣ እሱ ውሸቴን እያወቀ፣ አመሰግናለሁ ልጄ እያለ ፖስታውን ይቀበለኝ ነበር። የማለቅሰውን ሰምቷል። በደስታ ማልቀስ ሲገባኝ ያን ሰዓት ግን እፍረት ብቻ ነበር የወረረኝ፤ ፊቴ ነደደ፣ ጆሮዬ ጮኸ። ይህን በገዛ እጄ ጽፌ ለማያውቁኝ ሰዎች ልልክ? እንኳን ለእነሱ፣ ለራሴም ደግሜ መስማት አልፈለግሁም። ብዕሩ በእጄ ነበር። አራቱ መስመሮች ላይ በእንግሊዝኛ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ ሰናይት በጣም ጥሩ ተማሪ ናት። ትምህርት ትወዳለች። እናመሰግናለን።

"ሁሉንም ጻፍሽው?" አለኝ።

"ጻፍኩት" አልኩት።

ከሥር ፈረመ። ፊርማው ረጅምና ያማረ ነው፤ ከፈረመ በኋላ ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አለበት። ፖስታውን ራሱ ልሶ አሸገው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ። ሚስ ካርተር አጠገቤ ባትኖርም ደብዳቤው አጭር ስለነበር ጊዜ ወስጄ አነበብኩት። የባለሙያውን ወረቀት ተመልክተናል፣ ወላጆች ግን በቤት ውስጥ ምንም ችግር እንደማያዩ ስለገለጹ ተጨማሪ ሰዓት ለመፍቀድ አልቻልንም፤ ሌላ መረጃ ካላችሁ ከፈተናው በፊት ደውሉልን ይላል። ለአባቴና ለእናቴ፣ ወረቀታችሁ ደርሶናል ነው የሚሉት አልኳቸው። እናቴ አማተበች። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ሦስት ጊዜ ሚስ ካርተር በር ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። አንዱን ቀን እጀታውን ይዤው ነበር። ውስጥ ሌላ ልጅ ታስነብባለች፤ ድምፁ እየተንተባተበ ይሰማኛል። ገብቼ አንዲት ቃል ብናገር ሁሉም ነገር ይቃና ነበር። ግን ያቺ አንዲት ቃል አባቴ ያለውን ሁሉ መድገምን ትጠይቃለች፤ እሱን ደግሞ አልቻልኩም። ደወሉ ተደወለ፣ ወደ ክፍሌ ሮጥኩ።

ፈተናው ቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ ብርድና ካፊያ። አባቴ ፈረቃውን ለሰው ሰጥቶ አሮጌ መኪናችንን እያሞቀ ጠበቀኝ። እናቴ ዳቦ በማር ቀብታ በፎጣ ጠቅልላ አስያዘችኝ፤ እሷ ልቧ አልችል ብሏት ቤት ቀረች፣ ተንበርክካ እንደምትውል ሳልጠይቃትም አውቅ ነበር። መንገዱን ሁሉ አባቴ አንድ ነገር ብቻ ደጋገመ፤ አትቸኩዪ፣ ጊዜ ይሰጡሻል፣ ቀስ ብለሽ ሥሪ።

በሩ ላይ ዝርዝር የያዘች ሴትዮ ልጆቹን ለሁለት ትከፍላለች። ተጨማሪ ሰዓት ያላቸው በስተግራ ወደ ቤተ መጻሕፍት፣ የቀሩት በስተቀኝ ወደ አዳራሹ። ስሜን አየችና ወደ ቀኝ ጠቆመችኝ። አባቴ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። በስተግራ የሚሄዱትን ልጆች አየ፣ እኔን አየ።

"ንገሪያት እንጂ፣ ጽፈናል በያት" አለኝ።

ሴትዮዋን በለሆሳስ ሽንት ቤቱ የት ነው ብዬ ጠየቅኋት። በትህትና አሳየችኝ። ወደ አባቴ ዞሬ፣ አልፈቀዱም ትላለች አልኩት። ኮፍያውን አወለቀ፤ ዝናቡ ራሱ ላይ ይወርድ ነበር። እዚያው ትቼው በስተቀኝ ገባሁ።

አዳራሹ ሰፊ ነው፣ ጫማ ሲጢጥ ሲል ይሰማል። የንባቡ ክፍል ስድስት ምንባቦች ነበሩት። የመጀመሪያው ስለ ንቦች ነው። ሁለቴ አነበብኩትና ጥያቄዎቹን በሙሉ በትክክል መለስኩ፤ መልሱን ማወቄ ራሱ አስፈነደቀኝ። የሁለተኛው ምንባብ አጋማሽ ላይ ስደርስ ጎኔ ያለው ልጅ አምስተኛውን ገጽ ገለበጠ። ከዚያ በኋላ መስመሮቹ ይንሸራተቱብኝ ጀመር። ጣቴን አስቀመጥኩ፣ በእርሳሴ አሰመርኩ፣ በከንፈሬ አነበብኩ። አሥር ደቂቃ ቀርቷል አሉ። አምስት ደቂቃ ቀርቷል አሉ። በመጨረሻ የቀሩትን አራት ምንባቦች ሳላያቸው ሦስተኛውን ክብ ብቻ እያጠቆርኩ እስከ ታች ወረድኩ። እርሳሱ ወረቀቱን ሲቦርሽ የሚሰማው ድምፅ ጥርሴን ያጠርሰኝ ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ ከግድግዳው ማዶ ነው፤ እዚያ ያሉት ልጆች ገና አራተኛውን ምንባብ ተረጋግተው እያነበቡ እንደሆነ አውቃለሁ። ቦታዬ እዚያ ነበር።

ውጤቱ የመጣው በመጋቢት፣ የጥድ ብናኝ መኪናውን ሁሉ ቢጫ ባለበሰበት ሳምንት ነው። አልተቀበሉኝም። ይህን ደብዳቤ እንደ ሌሎቹ ከራሴ መሙላት አልቻልኩም፤ እናቴ ፊቴን አይታ አወቀችው። አባቴ በማግስቱ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ትምህርት ቤቴ መጥቶ አስፈቀደኝና አብረን ወደ ሁለተኛ ደረጃው ሄድን። ልለምናቸው አይደለም አለኝ፤ የጻፍኩትን አይተውት እንደሆነ ብቻ ማወቅ እፈልጋለሁ።

የተቀበለችን የመዝገብ ክፍሏ ሴትዮ ትሑት ነበረች። ወንበር ሰጠችን፣ ፋይሌን አወጣች። አባቴ የራሱን ፊርማ ሲያይ ጣቱን ከፊርማው በላይ ካሉት መስመሮች ላይ አሳረፈ።

"እስቲ አንብቢልኝ" አለ።

አነበብኩለት። ወረቀቱ ላይ ያሉትን ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች እያየሁ፣ እሱ ያጻፈኝን አንድ ቃል ሳላስቀር በአማርኛ አልኩለት። ንባብ ያስቸግራታል። እየገመተች እንደሆነ አውቃለሁ። ውሃ ከፍታ ታለቅሳለች። እባካችሁ፣ ጊዜ ስጧት። በቃሌ ይዤው ነበር፤ በቃል መያዝ እችላለሁ። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ ትጠብቀናለች።

"ይሄን አንብበውታል ወይ በያት።"

ወላጆቼ የጻፉትን አንብባችኋል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ሴትዮዋ በቅንነት፣ እያንዳንዱን ቃል አንብበናል፣ ውሳኔያችንም በእሱ ላይ የተመሠረተ ነው አለች። ያንን ሳልጨምር ሳልቀንስ ለአባቴ ተረጎምኩለት። በዚያ ክፍል ውስጥ ከተናገርኩት ሁሉ ትክክለኛ ትርጉም ያ ብቻ ነበር።

አባቴ ጣቱን ከመስመሮቹ ላይ አነሳ። ከዚያ ተነሳ፣ ለሴትዮዋ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ፣ ወጣን። መኪናው ውስጥ አለቀሰ። አባቴ ሲያለቅስ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ፤ አፌን ከፍቼም ነበር። እሱ ግን ጭንቅላቴን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም ይለኝ ጀመር። እንዲህ ከተባልኩ በኋላ እንዴት ብዬ ልናገር?

ማታ ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁ። ልመናዬን አንብበው ነው የጣሉት አላት። አባቴ እናቴን አዝዟት አያውቅም፤ ያን ቀንም አላዘዛትም። ልጅሽን ለገፉ ሰዎች እንዴት አበባ ትቀይሪያለሽ ብቻ ነበር ያላት። ሁለቱ ትምህርት ቤቶች አንድ አይደሉም፣ የደብሯ ሰዎች የሠሩት ጥፋት የለም፤ ለእናቴ ግን ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ነው። ዓመቱ እስኪያልቅ ሠራች። በሰኔ ሽርጧን አጥባ አጣጥፋ መለሰች፤ ከዚያም ኮሌጅ ፓርክ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል ማጽዳት ጀመረች። እሑድ እሑድ ከአባቴ ጋር መሄድ ጀመረች። ነጠላዋን አጣፍታ ከሴቶቹ ኋላ ትቆማለች፤ ሰዎቹ ወደዷት፣ ማኅበር አስገቧት። ፊቷ ግን እንደዚያ ሲፈካ ዳግመኛ አላየሁም።

በዚያ ክረምት አንድ ቀን ሚስ ካርተር ቤታችን መጣች። በመስኮቱ መጋረጃ ጥግ አየናት፤ ኬክ ይዛለች፣ እጅጌዋን ሰብስባ በላብ ተጠምቃለች። አንኳኳች፤ ስሜን ጠራች፤ የእናቴንም ስም እንደምንም አሳምራ ጠራች። እናቴ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ አየችኝ። ከበሩ ጀርባ ግድግዳው ላይ ተለጥፈን ትንፋሻችንን ዋጥን። ሚስ ካርተር የሆነውን ለመረዳት እንደመጣች አውቅ ነበር፤ በሩ ቢከፈት በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ይወጣል። እጄ ከመቀርቀሪያው አንድ ክንድ አይርቅም። ኬኩን ደፉ ላይ አስቀምጣ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ምን ሆንሽ ላለኝ፣ አልሞትኩም። ትልቁ ትምህርት ቤት ገባሁ፣ ገመትኩ፣ ሸመደድኩ፣ ሳቅኩ። ሃያ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ውስጥ በራሴ እጅ ፎርሙን ሞልቼ ተጨማሪ ሰዓት ጠየቅኩ፤ ሰጡኝ። ዛሬ ሆስፒታል ውስጥ የአልትራሳውንድ ባለሙያ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የማነበው ሥዕል ነው፤ ሥዕል ደግሞ አስቸግሮኝ አያውቅም። እናቴ ከአራት ዓመት በፊት በቆሽት ካንሰር ሞተች። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ከትራሷ ሥር መቁጠሪያ አገኘሁ፤ የሳንቲም ቦርሳ ውስጥ የደበቀችው። ካህን ልጥራልሽ፣ የአንቺን ካህን፣ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። አባትሽን አላሳዝነውም አለች። ያን ጊዜም አልተናገርኩም።

ከዚያች የጥቅምት እሑድ በኋላ ግን መቆየት አልቻልኩም። የሊያን መጠይቅ ሞላሁት፤ ሁልጊዜ የሚለውን ሁልጊዜ፣ አንዳንዴ የሚለውን አንዳንዴ ብዬ። ይህ ቀላሉ ነበር። ቅዳሜ አባቴን ከሐኪም ስመልሰው፣ ቤታችን ደጅ መኪናውን ፓርክ አድርጌ ሞተሩን አጠፋሁና ነገርኩት። ስላጻፈኝ፣ ስለጻፍኩት፣ ስላነበብኩለት፣ ሁሉንም። ፊት ለፊት ያለውን የጋራዡን በር እያየሁ ነው የተናገርኩት። ስጨርስ ወደ እሱ ዞርኩ። የደህንነት ቀበቶውን በሁለት እጁ ይዞታል። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ልጅ ነበርሽ ይለኛል ብዬም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ተስፋ አድርጌ ነበር።

"እናትሽ ታውቅ ነበር?" አለኝ።

"አታውቅም።"

"ሳታውቅ ነው የሞተችው።"

"አዎ፣ አባዬ።"

ቀበቶውን ለመፍታት ሞከረ፤ ሲያቅተው እኔ ፈታሁለት።

"እኔስ እሺ" አለ። "ለእሷ ነበር መንገር የነበረብሽ።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ከአባቴ ጋር እንነጋገራለን፤ ሻይ አፈላለታለሁ፣ መድኃኒቱን አቀብለዋለሁ፣ ያቺን ዓረፍተ ነገር ተናግሯት አያውቅም። እንደ ድሮው ቢናገራት እመርጣለሁ። ባለፈው እሑድ ጠዋት ሸሚዙን ቀይሮ ሳሎን ተቀምጦ አገኘሁት፤ ወደ እናቴ ደብር ውሰጂኝ አለኝ። ወሰድኩት። ከሰው ሁሉ ኋላ ተቀመጠ፤ ቅዳሴው የእሱ ስላልሆነ መቼ እንደሚቆምና መቼ እንደሚቀመጥ አያውቅም፣ ሁሉም ሲነሱ አይቶ ዘግይቶ ይነሳል። ምን ሊላት እንደመጣ አልነገረኝም፤ እኔም አጠገቡ ሆኜ ለእሷ የምለውን ስፈልግ ሰዓቱ አለቀ።